ጣናን በዶቃ መሥራት፦ ለአንዲት የባሕር ዳር ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ለአንድ የዕደ ጥበብ ውድድር የአንገት ጌጥና አምባር ለማቅረብ ተመዝግበዋል። የውድድሩ ርእስ ጣና ነው፤ ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጅ የተሠራ መሆን ይኖርበታል፤ ቢያንስ አንድ ከሐይቁ አካባቢ የተገኘ ነገርም እንዲገባበት ግዴታ ተደርጓል። የቀረዎት ጊዜ ስድስት ሳምንት ሲሆን፣ ያሰቡት በሰፊ አምባር ላይ ታንኳ፣ ዓሣ፣ የገዳም ጣሪያና የምትጠልቅ ፀሐይ አንድ ላይ ለመሸመን ነው። ስጋትዎንም ገልጸዋል፤ ከዚህ በፊት የሠሩት አምባር ወር ሳይሞላው ከመቆለፊያው አጠገብ ተበጥሷል፣ ሰማያዊው ዶቃም ቆዳና ልብስ ላይ ቀለም ለቅቋል። ምን ላስተካክል፣ ከምንስ ልጀምር ብለው ጠይቀዋል። የገዳም መስቀል ቢጨመርበት ምን ይመስልዎታል ያሉትንም አልዘነጋሁትም።

ከዶቃው ቢጀምሩና ሥዕሉን በኋላ ቢያስቡት ይሻላል። የመስታወት ደቃቅ ዶቃ፣ በተለምዶ ጨሌ የምንለው፣ በቁጥር ይለያል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዶቃው ያንሳል። 6 ቁጥር ወደ 4 ሚሊ ሜትር፣ 8 ቁጥር ወደ 3 ሚሊ ሜትር፣ 11 ቁጥር ደግሞ ከ2 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ውፍረት አለው። በ11 ቁጥር፣ 10 ዶቃ ወርድ ያለው አምባር ቢሠሩ ወርዱ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል፤ ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ደግሞ ከ700 በላይ ዶቃ ይወስዳል። በዚህ ስፋት ውስጥ ታንኳና ቀዛፊ፣ ከጎኑም ዓሣ ለማስገባት ቢሞክሩ ቅርብ ሆኖ ላየው ሰው እንኳ የማይለይ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆንብዎታል። ወርዱን እጥፍ ቢያደርጉት የጣሪያው ተዳፋት እንደ ደረጃ ተቆራርጦ ይታያል፤ የፀሐይዋም ክብነት ይጠፋል። ዳኞች ሥራውን የሚያዩት ምናልባት አንድ ክንድ ርቀው፣ ምናልባትም በፎቶግራፍ ብቻ ነውና አራቱን ምስሎች ትተው ከሐይቁ አንድ ነገር ብቻ እንዲመርጡ አጥብቄ እመክርዎታለሁ፤ የሚመርጡትም ነገር ቅርጹ ለዶቃ የሚመች ይሁን።

እኔ ብሆን በሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ባለ ረጅም አገዳ ተክል፣ ደንገልን እመርጥ ነበር። ከሐይቁ ዳር ወርደው አንድ አገዳ ቢቆርጡ ክብ ሆኖ አያገኙትም፤ የተቆረጠው ፊቱ ሦስት ማዕዘን ነው። ከጫፉ ላይ ደግሞ ቀጫጭን አረንጓዴ ጸጉሮች ከአንድ ነጥብ ተነሥተው ወደየአቅጣጫው ይዘረጋሉ፤ እየረዘሙ ሲሄዱም በራሳቸው ክብደት ወደ ታች ይጎብጣሉ። ሦስት ጠርዝ ያለው ግንድና ከአንድ ነጥብ የሚወርድ ዘርፍ በመርፌና በዶቃ ሊሠሩ ከሚችሉት ቅርጾች ሁሉ ምናልባት በጣም የሚያምሩት ናቸው። ታንኳው የሚታሰረው ከዚሁ ከደንገል ነውና ታንኳውን በምስል ባያስቀምጡትም የጣና ዳር ሰው ደንገሉን ሲያይ ታንኳውን አብሮ ያስታውሳል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር። ጣናን ለማሳየት የግድ ደማቅ ሰማያዊ አያስፈልግም፤ በክረምት ወንዞቹ ደለል ይዘው ሲገቡ ውሃው ወደ ቡናማ ይጠጋል፣ በበጋ ማለዳም ግራጫማ ነው። ለደንገሉ ሁለት ዓይነት አረንጓዴ፣ ለጸጉሩ ጫፍ ገለባማ ቢጫ፣ ለመደቡ ደግሞ ግራጫ ወይም ፈዛዛ ቡናማ ይበቃዎታል። ዘጌ ሄደው የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የመቅደስ ግድግዳ ሥዕሎች ያዩ ከሆነ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እንዲያ ተጠጋግተው ሳይደባለቁ የሚታዩት በእያንዳንዱ ቅርጽ ዙሪያ ጥቁር መሥመር ስላለ ነው። በዶቃም እንዲሁ ነው፤ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ቀለሞች አንዱ ጠቆር፣ ሌላው ፈካ ያለ ካልሆነ ከርቀት አንድ ይሆናሉ። ይህን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የመረጧቸውን ዶቃዎች በነጭ ወረቀት ላይ በየክምራቸው አስቀምጦ በስልክ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ማንሳት ነው። በፎቶው ላይ ሁለቱ አረንጓዴዎች እኩል ግራጫ ሆነው ከታዩ አንዱን ይለውጡ።

ቀለም የለቀቀው ሰማያዊ ዶቃዎ ከላዩ ቀለም የተቀባ ወይም የተነከረ ነበር ማለት ነው። ቀለሙ ከመስታወቱ ጋር አብሮ የቀለጠ ዶቃ አይለቅም፤ ከላይ የተቀባው ግን በላብ፣ በሽቶና በፀሐይ ይላቀቃል። ቀለሙ በቀዳዳው ውስጥ ብቻ የተቀባ ግልጽ ዶቃም አለ፤ ይህ በተለይ ሮዝና ሐምራዊ ሲሆን ፀሐይ ላይ በፍጥነት ይደበዝዛል፤ ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ፀሐይዋ ቀላል አይደለችም። ስለዚህ ብዙ ከመግዛትዎ በፊት ከእያንዳንዱ ቀለም ጥቂት ፍሬ ብቻ ወስደው ይፈትኑ። የተወሰኑትን በሳሙና ውሃ ውስጥ አሳድረው ጠዋት በነጭ ጨርቅ ይሹ፤ ሌሎቹን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በነካ ጥጥ ይጥረጉ፤ የቀሩትን ደግሞ ግማሾቹን በወረቀት ሸፍነው መስኮት ላይ አንድ ሳምንት ያቆዩ። ከሦስቱም ፈተና ያለፈውን ብቻ ይግዙ። ሲገዙ ከአንድ ጊዜ ምርት መሆኑን ያረጋግጡ፤ በሌላ ጊዜ ተመልሰው ሲገዙ ያው ቀለም የሚመስለው ዶቃ በሥራው መካከል ድንበር ሆኖ ሊታይ ይችላል። የቼክ ሪፐብሊክ ዶቃ አብዛኛውን ጊዜ ውፍረቱ ከፍሬ ፍሬ ይለያያል፣ የጃፓን ዶቃ ደግሞ እኩል ነው፤ ለዘርፍ የቼኩ መለያየት ሕይወት ይሰጠዋል፣ ለጠፍጣፋ አምባር ግን እኩል የሆነው ይመረጣል። ያገኙት ልዩነት ያለው ብቻ ከሆነ ዶቃውን ሰፌድ ላይ በትነው በጣም ቀጭኑንና በጣም ወፍራሙን እየለቀሙ ያውጡ። ይህ ሥራ አሰልቺ ቢመስልም የአምባሩ ጠርዝ ቀጥ ብሎ መውጣቱና አለመውጣቱ የሚወሰነው በዚሁ ነው።

ወደ ክሩ ስንመጣ፣ አምባርዎ የተበጠሰበትን ቦታ መንገርዎ በጣም ጠቅሞኛል። ከመቆለፊያው አጠገብ የሚበጠስ አምባር ብዙ ጊዜ ክሩ ከብረቱ ቀለበት ጋር እየተፋተገ የሚበላበት ነው፤ እንደ ገለጹልኝ የተጠቀሙት ነጠላ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ከሆነ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ይህ ዓይነቱ ክር ይለጠጣል፣ በጥቅልሉ የያዘውን ጥምዝ አይረሳም፣ ፀሐይና ዕድሜ ሲጨምሩበትም ይደርቅና ይሰበራል። ከዓሣ አጥማጆች ዕቃ ዘንድ የተጎነጎነውን ቀጭን ክር ካገኙ፣ ማለትም ብዙ ጥቃቅን ፈትሎች አንድ ላይ የተሠሩበትን፣ እርሱን ይምረጡ። ካላገኙ ጥሩ የፖሊስተር የልብስ ስፌት ክር በንብ ሰም አሽተው ቢሠሩበት ከጥጥ ክር እጅግ የተሻለ ነው፤ ጥጥ ላብ ሲነካው ይበሰብሳል። ሰሙ ንጹሕ የንብ ሰም ይሁን፤ የሱቅ ሻማ ተፈርፍሮ በዶቃው ቀዳዳ ውስጥ ስለሚከማች አይሆንም። ለጧፍ ሰም የሚሸጡ ሰዎች ጥቂት ቢሰጡዎት ለሥራው ሁሉ ይበቃዎታል። መርፌም እንደ ዶቃው ሁሉ ቁጥሩ ሲጨምር ይቀጥናል፤ ለ11 ቁጥር ዶቃ 10 ቁጥር የዶቃ መርፌ ይበቃል፣ ክሩ በአንድ ቀዳዳ ሦስትና አራት ጊዜ በሚያልፍበት ቦታ ግን ወደ 12 ቁጥር ይለውጡ። መርፌው እምቢ ካለ አይግፉት፤ ዶቃው ይሰነጠቅና የተሰነጠቀው ጠርዝ ቀስ በቀስ ክሩን ይቆርጠዋል።

ክር ሲያልቅና አዲስ ሲቀጥሉ ቋጠሮን አይመኑ። ያለቀውን ክር በሠሩት ዶቃ ውስጥ አቅጣጫ እየቀየሩ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል መልሰው ያስገቡትና መካከል ላይ አንድ ሁለት ጊዜ በክሩ ዙሪያ አስረው ይቁረጡት። አንዳንድ ሰዎች በቋጠሮው ላይ ፈጣን ማጣበቂያ ያንጠባጥባሉ፤ ማጣበቂያው ሲደርቅ ክሩን ድርቅ ያደርገዋልና ልክ ከማጣበቂያው ጫፍ ላይ ይሰበራል።

አሁን ግንዱን እንሥራ። ስፌቱ በዓለም ላይ ፔዮቴ በሚል ስም የሚታወቀው፣ አንድ ዶቃ ዘልሎ በሚቀጥለው ውስጥ የሚያልፈው ነው፤ እርስዎም በአምባርዎ ላይ የሠሩበት እርሱ መሆኑን ከገለጻዎ ተረድቻለሁ። ለግንዱ ግን በቱቦ መልክ ይሠራል። አንድ 8 ቁጥር፣ አንድ 11 ቁጥር እያፈራረቁ በድምሩ ስድስት ዶቃ ይሰኩና ቀለበት አድርገው ይሰሩ፤ የክሩን ጅራት ሃያ ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉ። ከዚያ በየዙሩ ሦስት ዶቃ ይጨምራሉ፤ አንዱ ዙር ሦስቱም 8 ቁጥር፣ ቀጣዩ ዙር ሦስቱም 11 ቁጥር ይሁን፣ ትልቁን ምንጊዜም በትልቁ ላይ ያሳርፉ። እያንዳንዱ ዙር ሲያልቅ ክሩ በዚያው ዙር መጀመሪያ በጨመሩት ዶቃ ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ይህን የዘነጋ ሰው ሦስተኛው ዙር ላይ ሲደርስ ዶቃው የት እንደሚገባ ይጠፋበታል። የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ዙሮች ቅርጽ የሌላቸው ጭብጥ መስለው ያስቸግሩዎታል፤ ስለዚህ በስንደዶ ወይም በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ዙሪያ ይዘው ቢሠሩ ይረዳዎታል። በአምስተኛው ዙር አካባቢ ትልልቆቹ ዶቃዎች ሦስት ቀጥ ያሉ ጠርዞች፣ ትንንሾቹ ደግሞ በመካከላቸው ሦስት ሸለቆዎች ሆነው ይወጣሉ፤ ጣትዎን ቢያሳልፉበት የአገዳውን ማዕዘን ይሰማዎታል። ለትልቁ ጠቆር ያለውን አረንጓዴ፣ ለትንሹ ፈካ ያለውን ቢሰጡት ጠርዙ የበለጠ ይጎላል። አራት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ለአንገት ጌጥ ይበቃል።

ዘርፉ ከግንዱ በታችኛው ጫፍ ይጀምራል፤ ደንገሉ ተዘቅዝቆ ይንጠለጠላል ማለት ነው፤ ዘርፍ ክብደቱ ወደ ታች ካልሳበው አይወርድምና በሌላ መልኩ አይሠራም። ክሩ ከጫፉ ዶቃ ወጥቶ ሳለ 20 ያህል አረንጓዴ 11 ቁጥር ዶቃ ይሰኩ፤ በመጨረሻ አንድ ገለባማ ቢጫ ይጨምሩ፤ ከዚያ ቢጫዋን ዘልለው መርፌውን በሃያዎቹ ውስጥ ወደ ላይ መልሰው በግንዱ ጫፍ ዶቃ ውስጥ ያሳልፉ። ቢጫዋ የምታገለግለው ክሩ እንዳያመልጥ መዝጊያ ሆና ነው። አንዱ ጸጉር ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልኩን የሚያሳየው ክሩን የመሳቡ ነገር ነው፤ ቢጫዋን በግራ እጅዎ ጣቶች ይዘው በቀኝዎ ክሩን ይሳቡ፣ ዶቃዎቹ ተጠጋግተው በመካከላቸው ክር መታየቱን ሲያቆም ወዲያውኑ ያቁሙ። ከዚያ በላይ ከሳቡት ጸጉሩ ደርቆ እንደ ሽቦ ይቆማል እንጂ አይወዛወዝም። አንድ ጸጉር እንደጨረሱ አንሥተው ያንጠልጥሉትና በትንሹ ያወዛውዙት፤ በነጻነት ከወረደ ወደሚቀጥለው ይለፉ። ግንዱ ጫፍ ላይ ያሉት ዶቃዎች ጥቂት ስለሆኑ ከእያንዳንዱ አራትና አምስት ጸጉር ማውጣት ይኖርብዎታል፤ ክሩ ብዙ ጊዜ የሚመላለሰው እዚህ ነውና ቀጭኑን መርፌ የሚያወጡት ለዚህ ቦታ ነው። 25 ወይም 30 ጸጉር ከሠሩ የተሟላ ራስ ይሆናል። ሁሉንም እኩል አያድርጓቸው፤ አንዳንዶቹን በ17፣ አንዳንዶቹን በ23 ዶቃ ቢሠሩ የእውነተኛው ደንገል አለመስተካከል ይመጣል። ለ30 ጸጉር 600 ገደማ ዶቃ ያስፈልጋል፤ 11 ቁጥር ዶቃ በግራም 110 ያህል ስለሚገባ ክብደቱ ከ6 ግራም አይበልጥም፣ አንገትንም አይጎትትም።

ከአካባቢው እንዲገኝ ለተጠየቀው ነገር ደንገሉን ራሱን ቢያስገቡ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን የደረቀ ደንገል ውስጡ ስፖንጅ ስለሆነ እርጥበት ይመጥጣል፣ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። ታንኳዎች ውሃ ጠጥተው ከባድ እየሆኑ ብዙ ሳይቆዩ የሚቀየሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህም ሌላ በሐይቁ ዳር የነበረው የደንገል ይዞታ እየተመናመነ ነውና ለጌጥ ብለው ትኩሱን እንዲቆርጡ አልደግፍም። የኔ ምርጫ እምቦጭ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2011 ጀምሮ ጣና ላይ የታወቀው ይህ አረም በሌሎች አገሮች አገዳው ደርቆ ለቅርጫትና ለወንበር መሸመኛ ይውላል፤ ጉንጉኑም ለስላሳና ጠንካራ ነው። የአንገት ጌጡን ማንጠልጠያ ከእምቦጭ ጉንጉን፣ ተንጠልጣዩን ከዶቃ ደንገል ቢሠሩት ወራሪውና የሐይቁ ነባር ተክል በአንድ ጌጥ ላይ ይገናኛሉ፤ ርእሱ ጣና ለሆነ ውድድር ከዚህ የተሻለ ሐሳብ አይታየኝም።

ሲያዘጋጁት ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። ወደ ውሃው በባዶ እግር አይግቡ፤ በሐይቁ ዳርቻ የቢልሃርዚያ በሽታ አለ፣ ጉማሬም የሚወጣባቸው ቦታዎች አሉ። አረሙን ከሚያስወግዱ ሰዎች ዘንድ አስቀድሞ ወጥቶ የተከመረውን ይጠይቁ። ረጃጅሞቹን አገዳዎች ብቻ ይምረጡ፤ ሥሩን፣ ቅጠሉንና አበባውን እዚያው ይተዉት፣ ዘሩ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት መቆየት ስለሚችል ወደ ሌላ ውሃ ዳር በፍጹም አይውሰዱት። አገዳው ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ ስለዚህ ሲደርቅ ወደ ጠፍጣፋ ቀጭን ጥብጣብ ይለወጣልና ያሰቡትን ያህል ብዙ እጥፍ ይያዙ። እየገለባበጡ ፀሐይ ላይ ያድርቁት፤ ሌሊትና ዝናብ ሲመጣ ያስገቡት፣ ካልሆነ ይሻግታል። ከመጎንጎንዎ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ጥቂት ጠቅልለው ቢያለዝቡት አይሰበርም። በሦስት ጎንጉነው 60 ሴንቲ ሜትር ካወጡት በኋላ ሁለቱን ጫፎች በክር ጥብቅ አድርገው ይጠምጥሙ። በግንዱ ላይኛው ጫፍ ደግሞ በ12 ትንንሽ ዶቃ ቀለበት ሠርተው ክሩን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያመላልሱበት፤ ጉንጉኑ በዚህ ውስጥ ያልፋል።

አምባሩን ቀላል ያድርጉት። ግራጫማ መደብ፣ ጥግና ጥጉ ላይ ጠቆር ያለ መሥመር፣ መካከሉ ላይ በቀሚስ ጥለት ላይ እንደምናየው የሚደጋገም ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት፣ ያም የደንገሉ አገዳ ቁራጭ ነው፤ ይኸው ይበቃል። የእጅዎን አንጓ ለክተው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ይጨምሩበት። የብረት መቆለፊያውን ይተዉት፤ በእርሱ ፋንታ በአንዱ ጫፍ አንድ ትልቅ ዶቃ እንደ ቁልፍ፣ በሌላው ጫፍ ከ11 ቁጥር ዶቃ የተሠራ ቀለበት ያድርጉ። ቀለበቱ ትልቁን ዶቃ በትንሽ ግፊት ብቻ የሚያሳልፍ ይሁን፤ ልል ከሆነ በሥራ መካከል ይወልቃል። ክሩ በሁለቱም ጫፍ አራት ጊዜ ይመላለስ። እንዲህ ሲሆን ክር ከብረት ጋር የሚፋተግበት ቦታ አይኖርም፤ ርካሽ ብረት ቆዳቸውን ለሚያሳክካቸው ሰዎችም ይመቻል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ለፈተናና ለእምቦጩ ማድረቂያ ይስጡ፤ እምቦጩ እየደረቀ ሳለ ከግንዱ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሙከራ ቁራጭ ይሥሩ። የሙከራ ቁራጮቹን አይጣሉ፤ ሥራው በእጅ ስለመሠራቱ ከማንኛውም ቃል የበለጠ ማስረጃ ናቸው። የመጨረሻውን ሳምንት ለመልበስ ይተዉት፤ አምባሩን እጅዎ ላይ አድርገው ዕቃ ይጠቡ፣ ይጋግሩ፣ ይተኙበት፤ የሚበጠስ ከሆነ በዳኞች ፊት ከሚበጠስ በቤትዎ ይበጠስ። ፎቶግራፉን በማለዳ ከመስኮት አጠገብ በነጭ ወረቀት ላይ ያንሱ፤ የጀርባውንም ገጽ ያሳዩ፤ ሥራውን የሚያውቅ ዳኛ መጀመሪያ የሚያየው ጀርባውን ነውና።

መስቀሉን በተመለከተ፣ በዚህ ሥራ ላይ ባይጨምሩት እመርጣለሁ። ብዙዎቻችን ማተብ የምናስረውና መስቀል የምናንጠለጥለው ለጌጥ ብለን አይደለም፤ ለውድድር ማሳመሪያ ሆኖ ሲቀርብ የሚከፋው ምእመን ይኖራል፣ ከደንገሉም ጋር ሐሳቡ ሁለት ይሆናል። አንድ ቀን ገዳማቱን ብቻ የሚመለከት ሥራ ለመሥራት ካሰቡ ግን ንድፉን አስቀድመው ለአንድ የገዳሙ አባት አሳይተው ፈቃዳቸውን ይጠይቁ፤ በዶቃ መስቀል ስለሚሠራበት ስፌትም ያኔ በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ።